ወይፈኑ ወገቤ

መቼም የጽሑፍ ሥራ ቀላል ነው ይባላል፤ ድንጋይ አያሸክም፣ ሞፈር አያስጨብጥ። ወንበር ግን የራሱ ግብር አለው፤ ቀስ እያለ ከወገብ ይሰበስባል። አባቴ እስከ ሰባ ዓመቱ አርሶ ወገቤን ሳይል የኖረ ሰው ነው። እኔ በዕድሜው እኩሌታ ጫማዬን ለማሰር አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ግድ አለኝ። የሐኪሙ ምክር አጭር ነበር፤ «ሰውነትሽን አፍታቺ» አለኝ። ዮጋ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ማጣመር፣ መጥመድ ከሚል ሥር የወጣ ነው፤ የእኛው ቀንበር የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። ወይፈን ሲገራ ያየ ሰው የዮጋ ጀማሪ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ አይታረስበትም፤ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ይፈታል። ወገብም እንዲሁ ነው። ጠዋት፣ በባዶ ሆድና በባዶ እግር፣ ለጀማሪ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወደፊት ሲያጎነብሱ ጉልበትን ማጠፍ ነውር አይደለም። ትንፋሽ ከተቆራረጠ ልክ ታልፏል ማለት ነው። ሲሳብ መሰማቱ ደግ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ግን «አቁሚ» ማለቱ ነው። የዲስክ መንሸራተት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ለጀማሪ የሚያጽናና ታሪክም አለ። ዮጋን በዓለም ካስታወቁት አንዱ የሆነው ሕንዳዊው ኢየንጋር እ.ኤ.አ. በ1918 ተወልዶ በልጅነቱ ወባም፣ ሳንባ ነቀርሳም፣ ታይፎይድም የተፈራረቁበት ደካማ ልጅ ነበር። ሲጀምር አካሉ የደረቀ ነበር። ኋላ አስተማሪ ሲሆን ላልደረሰላቸው ሁሉ ቀበቶ፣ ወንበርና የእንጨት ጉማጅ መደገፊያ አደረገላቸው። እኔም እግሬን በእጄ መንካት ሲያቅተኝ የእናቴን መቀነት በውስጥ እግሬ አሳልፌ እስባለሁ።

እናቴ መቀነቷን የሰጠችኝ ግን በዝምታ አይደለም። ጉልበቴን አጥፌ በግንባሬ ተደፍቼ ብታየኝ፣ «ልጄ፣ ለማን ነው የምትሰግጂው?» አለችኝ። «ስፖርት ነው እማዬ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖትና ፍልስፍና የተወለደ ነው። በፓታንጃሊ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ድርሳን ውስጥ የአካል አቀማመጥ ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው፤ የቀረው ስለ ምግባር፣ ስለ እስትንፋስና ስለ አእምሮ ጸጥታ ነው። ዛሬ በየከተማው የሚሠራው እንቅስቃሴ ደግሞ አብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ወገብሽ ይጎንበስ፤ ልብሽ ለማን እንደሚሰግድ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች።

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ሻቫሳና ይሉታል፤ የበድን አኳኋን ማለት ነው። በጀርባ ተንጋሎ ምንም አለመሥራት! በዚያች አምስት ደቂቃ ያልተጻፈው ጽሑፍ፣ ያልተከፈለው የቤት ኪራይ፣ ያልተመለሰው ስልክ ተሰልፈው ይመጣሉ። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ወገቤ መገራት ጀምሯል። ሐሳቤ ግን ገና ወይፈን ነው።