ወፍ፣ ዶሮና ሞራ

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲገጥማቸው አያቴ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ደጅ አድረህ ነበር ወይ?» የሌሊት ወፍ በተኛ ሰው ላይ ካለፈች ወይም ሽንቷ ከነካው ቢጫ ይሆናል፤ ስሙም የወፍ በሽታ ነው። እኔ በልጅነቴ ነገሩ አይዋጥልኝም ነበር። ወሎ፣ አቀስታ ላይ በኅዳር ሌሊት ደጅ የሚያድር ማን ነው? ውርጩ የበጉን ጸጉር ነጭ አድርጎ በሚያነጋበት አገር ሰው ባናውን ሁለት አጥፎ ለብሶ እቤቱ ይንቀጠቀጣል። ሰብል ጠባቂ ካልሆነ በቀር ለወፏ የሚመቻት የለም። በሽታው ግን አለ። ደጅ አድረው የማያውቁ ሴቶችን ሳይቀር ይይዛል።

የአጎቴን ልጅ ይዟታል። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። ድካም ነው የጀመራት፤ ከዚያ ማሳከክ፣ ከዚያ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ በመጨረሻ ዓይኗ። ደሴ ወርዳ «ሄፓታይተስ ቢ የለብሽም» የሚል ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ዘመድ አዝማዱ ተደሰተ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ዓይኗ ግን እዚያው ቢጫ ነው። ወረቀቱ የሌለባትን ነገራት እንጂ ያለባትን አልነገራትም። ስለዚህ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ወፍ መድኃኒት አዋቂ ሆነ፤ ቅጠል ተቀጥቅጦ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ተጠጣ። የተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያኔ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። ቅሉን ያቀበልኳትም እኔ ራሴ ነኝ።

ከብዙ ወራት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከጉበቷ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ስሙ ወጣ፤ አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ማለት ነው። ሌሊት ጅብ ሸቶት የተነሳ ውሻ በጨለማ የራሱን በጎች ሲነክስ እንደማለት። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ቫልደንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን መሰል ሕመም በወጣት ሴቶች ላይ አይቶ ገልጾት ነበር፤ ዛሬም ከወንዶች ይልቅ የሚበዛው በሴቶች ላይ ነው። መድኃኒቱ አዲስ ወይም ብርቅ አይደለም፤ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን፣ ሁለቱም የቆዩ ክኒኖች። እታለም ፕሬድኒሶሎኑን ስትወስድ ከርማ ፊቷ ሞልቶ፣ ጉንጯ ክብ ሆኖ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «አዲስ አበባ ተስማማት!» አለ። የክኒኑ ጠባይ እንደሆነ ማስረዳት ሰለቻትና «አዎ፣ ተስማማኝ» ማለት ጀመረች።

ውሻውን ግን ማን ቀሰቀሰው? እዚህ ላይ አያቴ ቢሰሙት የሚስቁበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የራሳቸውን አካል ለማጥቃት የተፈጠሩ አይጦች አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ፣ በአንጀት የደም ሥሮችና ዕጢዎች በኩል ጉበት ድረስ ዘልቆ አገኙት። እዚያ ሲደርስ መከላከያውን ይቆሰቁሰዋል። ሉፐስ የተባለ የዚሁ ዓይነት ሕመምና አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ካለባቸው ሰዎች በተወሰደ የጉበት ናሙናም የዚሁ ባክቴሪያ ዘረመል ተገኘ። የባክቴሪያው ስም ኢንቴሮኮከስ ጋሊናረም ነው። ጋሊናረም በላቲን «የዶሮዎች» ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከዶሮ አንጀት በመገኘቱ ነው። ወፍ ያሉት አያቴ፣ ዶሮ ያሉት ሳይንቲስቶች! የስም ግጥጥሞሽ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፤ ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ጉበቱን አይታመምም። ቢሆንም አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ሳልነግራቸው አላድርም ነበር።

አማርኛችን ሁሉን ነገር ሆድ ላይ ነው የሚጭነው። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንቀየም ሆድ ይብሰናል፣ ምስጢር ሆድ ይፍጀው እንላለን፣ ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ ከዳተኛውን ሆድ አደር። ጉበት ምን አለው? ዱለት። ዱለት ላይ ግን አበሾች ሳያውቁት አንድ እውነት ቀላቅለዋል፤ ጨጓራው ከጉበቱ ጋር ተከትፎ አንድ መጥበሻ ላይ ይወርዳል። በሕይወት ሳሉም እንደዚያው ናቸው። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ከአራት እጅ ሦስቱ ከልብ በቀጥታ የሚመጣ አይደለም፤ መጀመሪያ አንጀትን ዞሮ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ ቀምሶ፣ በአንድ ወፍራም የደም ሥር ነው የሚገባው። አንጀት ደግሞ ባዶ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ስሌት መሠረት አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ ተሸክሞ ይዞራል፤ አብዛኞቹ አንጀት ውስጥ ናቸው፤ ሲመዘኑ ግን 200 ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው። ብዙዎቹ እንደ እርሾ ናቸው፤ ቤቱን ያቆማሉ እንጂ አያፈርሱም።

በዬሉ ጥናት የደነቀኝም ብዙዎቹን ሳይነኩ አንዱን ጥፋተኛ መለየታቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያውን በፀረ ተሕዋስያን ሲመቱት አይጦቹ ተሻላቸው። ከዚያ በዚያው ባክቴሪያ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ክትባት ሞከሩ፤ እሱም ሠራ። መንጋውን ሳይፈጁ አንዷን በግ መለየት ይሏል ይህ ነው። እርግጥ በአይጥ ነው። እኛ ዘንድ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት እንደ ከረሜላ ሲገዛ፣ መንጋው ሁሉ አንድ ላይ ይታረዳል።

ጫቱንም ሳላነሳ ባልፍ የወሎ ልጅነቴ ይቀየመኛል። ውርጭ የሚመታው አቀስታ ጫቱ ከቆላ ነው የሚወጣለት፤ ዱዓውም፣ ወጉም፣ «ቡና ጀባ» ማለቱም ያለ እሱ አይሞቅም ይላሉ ቃሚዎቹ። ሐረር ላይ 150 የረጅም ጊዜ የጉበት ሕሙማን በተመረመሩበት ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሕመማቸው ምክንያት ሊታወቅ አልቻለም ነበር። ከዚያ ሕሙማኑን ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ያነጻጸረው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ጣቱን ጫት ላይ ቀሰረ። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ የሶማሌ ተወላጅ ቃሚዎችን ያከሙ ሐኪሞች ደግሞ የአንዳንዶቹን ሕመም ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ለመለየት ተቸግረዋል። ይህን ለአንድ ቃሚ ወዳጄ ብነግረው ገራባውን ወደ ጥግ ገፍቶ «ሐረር ሩቅ ነው» አለኝ።

ባለፈው ዓመት የእታለም ልጅ ኒካህ ነበር። ጠዋት በግ ታረደ። የሠፈራችን ሞራ ገላጭ እንደተለመደው ሳይጠራ ደረሰ። ሼሁም ቄሱም ይህን ሥራውን አይወዱለትም፤ ሞራው ሲዘረጋ ግን ሁሉም በጎን ያያል። ሞራውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳው። ስቡ እንደ ስስ ነጠላ ብርሃን አሳለፈ፤ ቀያዮቹ የደም ሥሮች በላዩ ላይ እንደ ወንዝ ተዘረጉ፣ ትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ፣ ትልልቆቹም ወደ አንድ አቅጣጫ። በሌባ ጣቱ አንዱን ተከትሎ «በልጉ ይዘገያል» አለ።

«አያ፣ ይሄኛው ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ወደ ጉበት ነዋ፣ ሁሉም ወደዚያ ነው። ለሱ ግን እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

እታለም ቀሪቦ እየቀዳች ሰማችን። «አያ፣ የኔንም እስቲ እይልኝ፤ አዲስ አበባ በመርፌ ነው ያዩት።»

ገላጩ ሞራውን ዝቅ አድርጎ ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «ያንቺን ለማየት እኮ አንቺን ማረድ ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሷም ሳቀች። ከመቀነቷ የታሰረች ላስቲክ ፈትታ ሁለት ክኒን አወጣችና በቀሪቦው ዋጠቻቸው። ከጓዳ አንዲት ሴት ጉበቱን ቶሎ አምጡ፣ መጥበሻው ጦፏል እያለች ትጣራ ነበር።