ከመንከር በፊት

በየቤታችን ሳይቀደድ ነጭነቱ የጠፋ የጥጥ ልብስ አይታጣም። ለመጣል ያሳዝናል፣ ለብሶ ለመውጣት ያሳፍራል። ይህ ለአዋቂ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው። ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ጓደኞቿ በወየበ ነጠላዋ ስለሳቁባት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀርታብኝ ነበር።

እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት። የነጠላ መግዣ ገንዘብ ብሰጣት እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ፤ ሰው ሲቸግረው ክብሩን አብልጦ ይጠብቃልና። ስለዚህ «እህቴ፣ የራሴን ነጠላ ቀለም ልነክር ነው፤ የልጅሽንም ጨምሬ ልንከርልሽ፣ አንቺ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ አጠራቅሚልኝ» አልኳት። «ልጣጭማ ሞልቷል ኡስታዛ!» ብላ በማግስቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዛ መጣች።

ከዚያ በፊት ጨርቅ ነክሬ አላውቅም። የማውቀው ሒና ብቻ ነበር። ሒና እጃችን ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ራሱ ቆዳውን ይይዛል፤ ሱፍም እንዲሁ ቀለምን ቶሎ ይቀበላል። ጥጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙዎቹ የተክል ቀለሞች ጥጥን ብቻውን አግኝተው አይዙትም፤ በመካከል አያያዥ ይፈልጋሉ። አያያዡም በየገበያው የምናገኘው ሸብ ነው። «እርድ ያለ ሸብ ያቀልም የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያቀልማል። ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ታደበዝዘዋለች፣ ሳሙና ሲነካውም ወደ ቀይ ይለወጣል። ለዚያች ልጅ በሁለተኛው እጥበት የሚከዳ ቀለም መስጠት ደግሞ ሌላ መሳቂያ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥለት የሌለውን ነጠላ በልብስ ሳሙና አንድ ሰዓት ያህል ቀቅዬ አለቀለቅሁት። ቅባት የያዘው ቦታ ቀለም ስለማይጠጣ፣ ሳያጥቡ የነከሩት ልብስ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ በወፍራሙ የፈላ የሻይ ቅጠል ውኃ ውስጥ አሳደርኩት፤ በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ጥጡ ሸቡን እንዲይዝ ይረዳዋል። በሁለተኛው ሌሊት በሙቅ ውኃ በሟሟ ሸብ ውስጥ አሳደርኩት። መጠኑ ለግማሽ ኪሎ ደረቅ ጨርቅ 75 ግራም ሸብ ነው። በሦስተኛው ቀን ከጨርቁ ጋር እኩል የሚመዝን ልጣጭ አንድ ሰዓት ቀቅዬ አጠለልኩት፤ ነጠላዎቹንም በውኃው ውስጥ በዝግታ እሳት ለአንድ ሰዓት እያገላበጥኩ ካቆየሁ በኋላ እዚያው እንዲቀዘቅዙ ተውኳቸው። ድስቱ ከዚያ ወዲህ ወጥ አይሠራበትም፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተለይቷል።

የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ውኃው ቀይ ነበር። ነጠላው ግን ወደ ቡና ያዘነበለ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እርጥብ ጨርቅ ከደረቀው ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ በጥላ አድርቄ ቁርጡን እስካይ ድረስ ለእናቷ አልላክሁም። ከዚያም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዤ ደጋግሜ አሸሁት፤ የሚያሳስብ ቀለም አልለቀቀም። ልጅቷ በማግስቱ ለብሳው መጣች። እኔም የራሴን ለብሼ ነበርና «የኡስታዛን ዓይነት ነው!» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት ሦስት ልጆች የእናታቸውን አሮጌ ነጠላ አምጥተው «ለኛም ይነከርልን» አሉኝ። አሁን ልጣጩን የምታቀርበውም፣ የምትነክረውም ያቺው እናት ናት፤ ዋጋዋንም ትቀበላለች።

ውድ አንባቢዎች! ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ በ1856 (እ.አ.አ) የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ የፋብሪካ ቀለም የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ ልብሱን ያቀለመው በአብዛኛው ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከልጣጭና ከነፍሳት ነበር።

እኔን ያስገረመኝ የጊዜው አከፋፈል ነው። ከሦስቱ ቀን ሁለቱ ያለቁት ቀለም ሳይነካ ነው፤ በማጠብና በማዘጋጀት። ልጅን ማስተማርም እንዲሁ ይመስለኛል። ያፈረና አንገቱን የደፋ ልጅ የተነገረውን አይዝም። አስቀድሞ እፍረቱ ይነሳለት፣ ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ለችግረኛም ስትሰጡ እሱም የሚሰጠው ነገር እንዳለው ፈልጉ፤ ልጣጭም ቢሆን አይጠፋም።

ለመሞከር የምትፈልጉ በትንሽ ቁራጭ ጀምሩ። የነከራችሁትን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፣ በጥላም አስጡ። ቀለሙ በዓመታት ውስጥ መሳሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም ሽንኩርት ከገበያ አይጠፋም። ቸር ይግጠመን!