ወባ ነው ብላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት

የሆሞሻና የአሶሳ ሰዎች፣ ርቃችሁም የምትኖሩ ልጆቻችን፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቤት የምታከራዩ፣ ፔንሲዮን የከፈታችሁ፣ በጋዝ ውሃ የምታሞቁ ሁሉ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ በቧንቧና በሙቅ ውሃ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የምጽፈውም በየቤቱ እየገባሁ የማየው ነገር ስላስጨነቀኝ ነው።

በእኛ አገር ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ጉልበቱ ሲከዳው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። አይፈረድበትም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ ነው፤ ወባ ያልጎበኘው ቤት የለም። ችግሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም ሰውን ሲይዝ ምልክቱ ከዚሁ ጋር መመሳሰሉ ነው። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ታዲያ ሰውየው ያለችውን ኮአርተም ይውጥና በሩን ዘግቶ እዚያው የታመመበት ክፍል ውስጥ ይተኛል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መለያው ይሄውላችሁ። የጋዙ መርዝ ትኩሳት የለውም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያማል፤ ወባ ግን እናትን፣ ልጅንና እንግዳን በአንድ ሰዓት አያስጀምራቸውም። ከቤት ወጥተው ሲውሉ ይሻላል፣ ማታ ሲገቡ ይመለሳል። እነዚህን ካያችሁ ስለ ትንኝ ከማሰባችሁ በፊት ቤት ውስጥ ምን እየነደደ እንደሆነ ጠይቁ። በሩን ክፈቱ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ይህ ጋዝ የሚመጣው ከሚነድ ነገር ሁሉ ነው። ከሰልም ሆነ እንጨት፣ ጄኔሬተርም ሆነ የሲሊንደር ጋዝ፣ በቂ አየር ካጣ ቃጠሎው ሳይሟላ ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ አይንን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ስለዚህ ትንሽ መጠን ያለው ጋዝ ለረጅም ሰዓት ሲተነፈስ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል።

የድሮ ቤታችን ከዚህ ይጠብቀን ነበር። በእኛ አካባቢ የታወቀው ቤት ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። መሃሉ ላይ እሳት ሲነድ ጭሱ በሣሩ በኩል እያዘገመ ይወጣል፣ አየሩም በቀርከሃው ቀዳዳ ይገባል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ሴቶቻችንን ዕድሜ ልካቸውን ጎድቷቸዋል። ግን ያ ቤት ይተነፍስ ነበር። ዛሬ የምንሠራው በብሎኬት ነው፤ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ኮርኒስ ይመታል፣ የላሜራ በርና የአሉሚኒየም መስኮት ይገጠምለታል። ቤቱ አማረ፣ አቧራና ትንኝ ቀነሰ። እሳቱ ግን ልማዱን ሳይለውጥ አብሮን ገባ። የቡና ከሰል ሳይጠፋ ይታደራል፤ አራስ ቤት በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ የእናትዬዋ መታጠቢያ ውሃ እዚያው ይሞቃል። አራሷ ደክሟት፣ ሕፃኑ ገና ቀናት ያልሞላው፣ አስታማሚዎቹም እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የተደፈነው ቀዳዳ ሕይወት የሚገባበት ቀዳዳ ነው። እናቶች፣ እህቶች፣ ውሃውን ውጭ አሙቁና አስገቡ፤ ከሰሉ ፍም ብቻ ቢሆንም፣ ጭሱ ቢያልቅም፣ መርዙ አላለቀም። እንዲያውም ጭስ የሌለው ፍም ነው የሚያዘናጋው። በሸርቆሌና በጾሬ መጠለያዎች በሸራና በፕላስቲክ ቤት ለሚኖሩትም ይኸው ነው፤ ፕላስቲክ እንደ ሣር አይተነፍስም።

አሁን ወደ ጋዝ ውሃ ማሞቂያው ልምጣ። መብራት ስለሚጠፋ አንዳንድ ፔንሲዮኖች የኤሌክትሪኩን ቦይለር ትተው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውን ማሞቂያ እያስገቡ ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው። ቧንቧውን ስትከፍት በባትሪ ድንጋይ ይለኮሳል፣ ስትዘጋ ይጠፋል፣ በደቂቃ ውስጥ የሞቀ ውሃ ይሰጣል። ግን እሳት ነው። ለዚያውም ሻይ ከምናፈላበት ምድጃ ብዙ እጥፍ ጋዝ የሚያቃጥል ትልቅ እሳት ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ከቤቱ ሁሉ ጠባቡና የተዘጋው ክፍል ነው።

አሶሳ ውስጥ አንድ ቤት ለሌላ ሥራ ተጠርቼ ሄጄ ማሞቂያው ሻወሩ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የጭስ ማውጫ ቱቦው በሥርዓት ተገጥሟል፣ ያብረቀርቃል። ሽፋኑ ግን ከላይ በኩል ጥቁር ጥላሸት ይዟል። ከፍቼ ነበልባሉን ሳየው ሰማያዊ መሆን ሲገባው ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ባለቤቱን ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ ይሄ ቱቦ ወዴት ነው የሚወጣው?»

«ወደ ላይ ነዋ። ኮርኒሱን አልፎ ይሄዳል።»

ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ገፋ አድርጌ በስልኬ መብራት አየሁ። ቱቦው ከኮርኒሱ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ እዚያው ቆሟል። ቆርቆሮው አልተበሳም። ኮርኒሱ ደግሞ ለሦስቱም የእንግዳ ክፍሎች አንድ ነው፤ ማሞቂያው የሚተፋው ሁሉ በተኙት ሰዎች አናት ላይ ይጠራቀማል ማለት ነው። ሐጂ ነገሩን ሲረዱ አንድ ቃል አልተከራከሩም፤ ጋዙን ያን ጊዜውኑ አዘጉ፣ በሳምንቱም ማሞቂያው ከኋላ ባለው ውጭ ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ በማይመታው ጥላ ሥር ተዛወረ። ወደ ውስጥ የሚገባው የሞቀ ውሃ ቧንቧ ብቻ ሆነ። ትክክለኛው ቦታው ያ ነው፦ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ።

ይህን ስጽፍ የምጨነቀው በከንቱ አይደለም። ጥቅምት 1999 ዓ.ም. በግሪክ ኮርፉ ደሴት፣ ለእረፍት የሄዱ ሁለት እንግሊዛውያን ሕፃናት የሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ተኝተው ሞቱ። አባታቸውና አብራቸው የነበረችው ሴት ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ገዳዩ በአጠገባቸው ባለው ክፍል የነበረው በጋዝ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ነው። ጋዙ ቧንቧ ባለፈበት የግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቷል፤ ችግር ሲኖር ማሞቂያውን የሚያጠፋው መከላከያም እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ማሞቂያው እነሱ ክፍል ውስጥ እንኳን አልነበረም። ግድግዳ ላይ የቀረች፣ በሲሚንቶ ያልተደፈነች ቀዳዳ በቂ ናት። መከላከያውም «ቶሎ ቶሎ እያጠፋ አስቸገረን» ተብሎ ሽቦው በቀጥታ የሚያያዝበት ቤት በእኛም አገር አለ። ማሞቂያ ደጋግሞ ከጠፋ እየነገረህ ያለው ነገር ስላለ ነው፤ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ አፉ አይዘጋ።

ባለሙያ ነን የምንል ልጆችም የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። አሶሳ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ለባሕር ዳርቻ አገር ተስተካክሎ የተሠራ ማሞቂያ እኛ ጋ ሲመጣ ጋዙ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይሠራል፣ መርዙም ይበዛል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ከ600 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የጋዙ መጠን እንዲቀነስ ያዛሉ። ከመርካቶ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ለውጭ ብቻ የሚል ምልክት ካለውም በምንም ተአምር ወደ ውስጥ አታስገቡት።

ስለ ሲሊንደሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገቡት የሱዳን ወንድሞቻችን፣ በተለይ ከካርቱም የመጡት፣ እድሜያቸውን ከዚህ ነገር ጋር የኖሩ ናቸው፤ ብዙ ልምድ አላቸው፣ ጠይቋቸው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ይወርዳል። ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ሲሆን ለፍንዳታ ይበቃል። ስለዚህ ሲሊንደር ይቆማል እንጂ አይጋደምም፣ ውጭ ይቀመጣል፣ የተቀመጠበት ቦታ ከታች በኩል መተንፈሻ ይኖረዋል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር የኦሞ አረፋ በስፖንጅ አድርጋችሁ ረጉላተሩና ጎማው የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ቀቡት፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው እየተነፋ ያሳያችኋል። በክብሪት የሚፈትኑ አይቻለሁ፤ እባካችሁ። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ነገ ሳይባል ይቀየር።

የጋዙ መጥፎ ሽታም ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። መጋቢት 1929 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ ሽታ የሌለው ጋዝ በትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈንድቶ 300 ገደማ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ሽታ እንዲጨመርበት የሚያስገድዱ ሕጎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም፣ አታጠፉምም፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። ግን ልብ በሉ፣ የሚሸተው ያልተቃጠለው ጋዝ ነው። ተቃጥሎ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። «ምንም አልሸተተኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም።

ውጭ ያላችሁትም ከዚህ አልወጣችሁም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ሌሊት ፍላወር ብራንች የተባለው የአፓርትመንት ሕንፃ በጋዝ ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራውን ያካሄደው የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የደረሰበት ምክንያት፣ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ረጉላተር ወደ ውጭ የሚያስተነፍስበት ቧንቧ ያልተገናኘ መሆኑ ነው። ወደ ውጭ መድረስ የነበረበት ቧንቧ ውጭ አልደረሰም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነዋሪ ጋዝ ሸተተኝ ብሎ ደውሎ እንደነበረም ተመዝግቧል። በየቤዝመንቱ የምትኖሩ ልጆች፣ ከክፍላችሁ አጠገብ ያለው ቦይለርና የውሃ ማሞቂያ መቼ እንደተመረመረ አከራዮቻችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የኤሌክትሪክ ቦይለር ያላችሁስ? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ በክልላችን ጉባ ላይ ተመርቋል፤ መብራቱ እየተረጋጋ ሲሄድ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚመለስ ተስፋ አለኝ። በእሱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ስጋት የለም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛው የመሬት ሽቦ ነው፣ ያለ እሱ አትታጠቡ። ሌላው ከሥር የምትንጠባጠበው ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ግፊቱ የሚወጣው በእሷ ነው። ወለል አረጠበች ብለው ጫፏን የሚደፍኑ አሉ። የተደፈነች ቫልቭ ያለው፣ ቴርሞስታቱም የተበላሸ ታንከር ግድግዳ ያፈርሳል። ከወለሉ ይልቅ እሷን ተንከባከቡ፤ ፍሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ምሩት።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎቻችን አንድ ቃል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ይታለላል፤ የተመረዘውን ደም ጥሩ ኦክስጅን እንዳለው ቆጥሮ 98 ሊያሳያችሁ ይችላል። የወባ ምርመራው ነጌቲቭ ከሆነ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ከመጣ፣ ቁጥሩን አትመኑት፤ ኦክስጅን ስጡ። በተራ አየር መርዙ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስድበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች የበለጠ ፍጠኑ፤ የጽንሱ ደም መርዙን አጥብቆ ይይዛል።

በመጨረሻ ከውጭ ለምትመጡ። ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶውና ከጫማው መሃል አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ጨምሩልን። መዳፍ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ፣ መርዙ ሲበዛ የምትጮህ መሣሪያ ናት። ጀርባዋ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ዓመት ተጽፎባታል፤ ያለፈባትን አታምጡ። የምትሰቀለው ሻወር ቤት አይደለም፣ እንፋሎቱ ያበላሻታል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ድምጿ በሚሰማበት ቦታ ናት። መጀመሪያ አራስ ያለበት ቤት ትሂድ። ፔንሲዮን ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ እንግዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ወንበር ላይ ይቁምና የጭስ ማውጫው ቱቦ ቆርቆሮውን አልፎ ውጭ መድረሱን በዓይኑ ይይ። ለማየት የሚረዳችሁ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለማየት ገንዘብ አልጠይቅም።