የቆጡና የብብቱ

«ዲስክ ሞቷል» ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ። በማንም አላሳብብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ ለፋሲካ ወደ ቡሬ በተጓዝኩ ቁጥር ለታላቅ እህቴ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ሳልይዝ አልሄድም ነበር። አንድ ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይመጣል። ታሪኩ በጦፈበት ሰዓት «ሁለተኛውን ክተቱ!» ይባላል። በዚያ መሃል ቡና ይቀዳል፣ ጎረቤት በከዳተኛው ባል ላይ ፍርዱን ይሰጣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲያ የጋለ ሂስ ክፍሌ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

በ2014 ታዲያ ዘመናዊ ስልክ ገዝቼ ወሰድኩላት። «እታለም፣ ከእንግዲህ ፊልሙ ሁሉ እዚህ አለ፤ ያንን የዲስክ ሳጥን አውጪው» አልኳት።

«እዚህ የት?»

ልጇ ቀደመኝ። «ደመና ላይ ነው የተቀመጠው እማዬ።»

ዕድሜዋን በእርሻ የኖረች ናትና ሳቀች። «ደመናማ ይበተናል» አለች።

ሳጥኑ ወጣ። ዲስኮቹ በገመድ ተሰክተው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የዳጉሳ ማሳ ላይ የወፍ ማስፈራሪያ ሆኑ።

የእኔ ስሌት የፍጥነት ስሌት ነበር። ቪሲዲ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ተኩል ገደማ ነው የሚያነበው፤ ያን ያህል የሚጎትት መስመር ካለ ስልኩ ሥራውን ይተካል። ጥራቱ ይጨመር ከተባለ ደግሞ 5 ሜጋቢት ይበቃል። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቀን ግን አላሰላሁም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራትም ተቆጠሩ። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 18 ቀን 2016፣ አሜሪካ ውስጥ ኔትፍሊክስ ለ25 ዓመታት በፖስታ ሲያከራይ የኖረውን ዲስክ ጨርሶ አቆመ። ለእነሱ ዲስክ አበቃለት፤ እህቴ ግን ያኔ ነው ዲስኳን የፈለገችው።

«ያ ሰርግ የት ደረሰ?» አለችኝ በስልክ። የታናሽ ወንድማችን ሰርግ ነው፤ እናታችን ሙሽራዋን በእልልታ ስትቀበል የተቀረጸበት። ከዚያ ሌላ የእናታችን ድምፅ የለንም። ሽፋን ስላልነበረው ከፊልሞቹ ጋር አብሮ ወጥቷል።

ልጇ ማሳው ድረስ ሄዶ አገኘው። ዝናቡና ፀሐዩ ብሩን ልጠውታል። ማጫወቻው ውስጥ ቢከቱት «ዲስክ የለም» አለ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ዲስክ ዘላለማዊ ነው እያልኩ አይደለም፤ ይጫራል፣ መብራት ሲጠፋም ከጌጥ አይሻልም። ደግሞም ኢንተርኔቱ ሲመለስ ፊልሞቹ ብዙዎቹ ተገኝተዋል፤ የፊልሙስ ቢሆን ሌላ ያስቀምጠዋል። የእናቴን እልልታ ግን ከእኛ በቀር ማን ያስቀምጥልን ነበር? በፍላሽም ሆነ በሌላ፣ አንድ ቅጂ አስቀርቼ ቢሆን ምን ነበረበት?

እህቴ አልወቀሰችኝም። «ተወው ወንድሜ፣ ወፉንስ አባሮልናል» አለችኝ። የባሰብኝ ያን ጊዜ ነው።