ሽለላ ባሕር ማዶ

በሞጣ ሠርግ ላይ ፎካሪ ሲነሣ ማሲንቆው ዝም አይልም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠብቀዋል። ፎካሪው ዱላውን እየነቀነቀ የአባቱን ስም፣ የራሱን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ ይደረድራል፤ እስትንፋሱ ሲያልቅ አዝማሪው ጭራውን በደጋኑ ገዝግዞ ሌላ ዙር ይከፍትለታል። ቀረርቶው ይጎተታል፣ ሽለላው ይዜማል፣ ፉከራው ይነገራል፤ ሦስቱም ከአንድ ደረት ይወጣሉ። ምት የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው እስትንፋስ ነው። የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተሰቀሉ በኋላም ስማቸው በዚያ አገር ፉከራ ሲጠራ ኖሯል።

ይህን ጩኸት ወደ ሳክስፎን ያሻገሩት ጌታቸው መኩሪያ የጎጃም ሰው አልነበሩም፤ በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቀጥሎም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ሳክስፎናቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ እንደ ጎልማሳ ጉሮሮ ይሰነጠቃል። የውጭ አድማጮች ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጃዝ ጋር አመሳስለውታል፤ ምንጩ ግን የደጋው ሽለላ ነው።

ይህን ሽለላ ከሁሉ ቀርቦ ያጀበው የጃዝ ሳይሆን የፐንክ ቡድን መሆኑ ነው የሚገርመው። ፐንክ እ.ኤ.አ. በ1974 ራሞንስ የተባሉት ወጣቶች በኒውዮርክ ጠባብ መጠጥ ቤት መጫወት ሲጀምሩ መልክ የያዘ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በለንደን ሥራ ባጡ ወጣቶች መካከል የተቀጣጠለ ሙዚቃ ነው። ሙያ ሳይጠይቅ፣ አፈር ያልነካው አዳራሽ ሳይፈልግ፣ በሁለትና በሦስት ቅኝት የጎዳናውን ቁጣ ይጮኻል። ከሆላንድ የተነሣው «ዘ ኤክስ» እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመሠረት ስሙን ያሳጠረው በግድግዳ ላይ ቶሎ ለመጻፍ እንዲመች ነበር። አባላቱ ባዶ ቤት እየያዙ ከሚኖሩ ወጣቶች መካከል የወጡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ስፔን አብዮት ሸክላና የፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጩኸታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ2004 ደግሞ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ሽማግሌው ወዲያው ያጅቡኝ ያሉት እነዚሁኑ ጊታረኞች ነው። «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም በ2006 ወጣ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዮርኩ ሊንከን ሴንተር አደባባይ አብረው ቆሙ።

ነገሩ ያስቆጣቸው ወገኖች ይኖራሉ፤ የአባቶችን ቅርስ በሁካታ ማበላሸት ነው ይላሉ። አልበሙን ልብ ብሎ የሰማ ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ጊታሮቹ ዜማውን ለማሳመር አይጣደፉም፤ አንድ አጭር ምት ይዘው ይደጋግማሉ፣ ሳክስፎኑ እስትንፋሱን ሲስብ ይከፍቱለታል። ይህ የአዝማሪው ሥራ ነው። የቡድኑ ዘፋኝም ከማዜም ይልቅ ቃሉን እየወረወረ ይናገራል፤ ፉከራም ከዚህ አይርቅም። የተማረ ኦርኬስትራ ሽለላን በምት ቆጥሮ ሊያስተካክለው ይሞክር ነበር፤ እነዚህ የማስተካከል ልማድ ስላልነበራቸው ሳይነኩት ተቀበሉት። (ለሙዚቃ መምህራን ይህ ደስ የሚል ነገር ላይሆን ይችላል።)

የጎደለ የለም ማለት ግን አይቻልም። ሳክስፎን ቃል የለውም። በሞጣ ስሙን ሳይጠራ የሚፎክር ቢነሣ ታዳሚው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ፉከራ በሬ እንደ መጥመድ ሁሉ ባለቤት ያለው ነገር ነውና። በአምስተርዳም ግን ይህን የሚጠይቅ አልነበረም፤ የደረሰው ቁጣው ብቻ ነው፣ የማን ቁጣ እንደሆነ ሳይነገር። ጌታቸው ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስልም። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ በተነሡት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ የአርበኛ ልብስ ለብሰው ይታያሉ፤ ሳክስፎኑ ያልጠራውን ስም ልብሱ እንዲጠራላቸው።