«ዲግሪ ይዤ ሻንጣ ልመዝን?!»

የእህቴ ልጅ እዚሁ ዓለም ገና ነው የምትኖረው። በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት መንገደኛ ታስተናግዳለች። አሁን ግን «ዲግሪ ይዤ ሻንጣ ልመዝን?!» ብላ ልትለቅ ነው። ውጭ አገር የአቪዬሽን ማኔጅመንት ማስተርስ ተምራ አለቃ ሆና ልትመለስ! እናቷም ለወጪው የቤቷን ካርታ ባንክ ልታስይዝላት ተነስታለች።

እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «የአገራችንን አየር መንገድ የመሩትን እያቸው። አቶ ተወልደ ገብረማርያም የተማሩት እንዳንቺው ኢኮኖሚክስ ነው። ሲቀጠሩ ተራ ኤጀንት ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆኑ። በ2014 የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰውም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው፤ ከታች ነው የጀመሩት። የሁለቱም ኤምቢኤ በርቀት ከሚያስተምረው ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው።»

«ታዲያ ሩብ ምዕተ ዓመት ልጠብቅ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ረጅም ነው። በዚህ ሙያ ግን አውሮፕላን ሲዘገይና መንገደኛ ሲጮህ ቆሞ ያላየ ሰው ወረቀት ብቻ ይዞ ቢመጣ ማን አለቃ ያደርገዋል? (የዘመድ ድርጅት ካልሆነ በቀር!) ማስተርሱን ደሞዟን እየበላች በማታ ትማረው።

ልጅቱ እስካሁን አኩርፋኛለች። እናቷ ግን ካርታውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።