ከዋሽንግተን እስከ ሳሪስ አቦ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳሪስ አቦ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙንም ያገኘው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ብዙ ስለማይርቅ የሰፈሩ ሰው የሞተሩን ድምፅ ለምዶታል፤ ልጁን ወደ ባሕር ማዶ የሰደደ ግን ድምፁን ሲሰማ ቀና ሳይል አያልፍም።

በጥር ወር በዚሁ ሰፈር አንድ አዛውንት ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት በ10 ሰዓት ዐርፈው ለልቅሶ ሄደን ነበር። አንዲት ሴት ልጃቸው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ትኖራለች፤ መርዶውም ወዲያው በስልክ ተነገራት። የእድሩ ሽማግሌዎች ቀብሩ እንደ ልማዱ በዚያው ቀን በ9 ሰዓት ይፈጸም ወይስ ልጂቱ ትጠበቅ እያሉ ይመክሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፥ «አይሮፕላኑ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ይገባል ይባላል፤ እንግዲያስ ዛሬ ማታ በ11 ሰዓት ትደርሳለች፤ ቀብሩን ጥቂት ማቆየት ይበቃል» አሉ። ነገሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ እኛ ግን ወረቀት ተቀብለን ከአንድ ተማሪ ጋራ እንደ ገና ቆጠርነው።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በቀጥታ 11,500 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ሰዓቱም በብርዳቸው ወራት ከእኛ 8፥ በሙቀታቸው ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አባቷ ሲያርፉ በዚያ አገር ገና ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ነበር። ቦታ ያገኘችበት አይሮፕላን የሚነሣው በማግሥቱ ረፋድ በ5 ሰዓት ሲሆን፥ ይህ በእኛ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ 13 ሲጨመር እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል። ቀብሩ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ቢፈጸም ኖሮ፥ በዚያች ሰዓት ልጂቱ ገና ከቤቷ አልወጣችም። ዘመዱ በባሕር ማዶ ያለ አንባቢያችን ይህን አቈጣጠር አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ወደዚያ መሄዱ ደግሞ ከመምጣቱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኑም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ስለሚቸገር በመንገድ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። አንዳንድ ዘመን በሮማ፥ አንዳንድ ዘመን በዳብሊን ያርፍ ነበር። የላይኛውም ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የሚመጣውን ይገፋል፥ የሚሄደውን ይገታል።

ቢሆንም የቀድሞውን ማሰብ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ፥ የዚያን ጊዜው ዳኮታ በሰዓት የሚበረው 300 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ፍጥነት ቢታሰብ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ የትም ሳያርፉ እንኳ 38 ሰዓት በፈጀ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ተመልክተው ከካህናቱ ጋራ ከተነጋገሩ በኋላ ቀብሩን ለእሑድ 6 ሰዓት አዛወሩት። በማግሥቱ ጎረቤቶች ቦሌ ሄደው ጠበቋት። 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በድንኳኑ በር ገባች፤ አስከሬኑም ገና ከቤት አልወጣም ነበር።